«አዳሪ ትምህርት ቤት» ሲባል የምንሰማውና የሆነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በእኛ ቋንቋ «አዳሪ ትምህርት ቤት» ሲባል ወደ ሐሳብ የሚመጣው ጎበዝ ተማሪ ተመርጦ የሚገባበት፣ ወላጅም ልጄ ገባልኝ ብሎ የሚኮራበት ቦታ ነው። ካናዳ በነባር ሕዝቦቿ ልጆች ላይ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ያደረሰችው በደል እዚህ ዊኒፔግ ለምንኖር ለብዙዎቻችን ቶሎ ያልገባን በከፊል በዚህ ይመስለኛል። እኔም በመጣሁ ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እናቷ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዳደጉ ስትነግረኝ «ታድለው» ብያት ነበር። ዝም ብላ ያየችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ የሰማሁት ንግግር ነው። ስለ ነባር ሕዝቦች የሚሰጠው ትምህርት ይስፋ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ አንድ የአገራችን ሰው ተነሥተው፣ «ልጆቻችን ሒሳብና ሳይንስ ይማሩ፤ እኛ ቅኝ አልገዛን፣ አልተገዛን፤ ጉዳዩ የእነርሱ ነው» አሉ። ካጨበጨቡት መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩበት።

ለእርሳቸው በአክብሮት የምመልሰው ይህን ነው። በመንግሥት ገንዘብና በአብያተ ክርስቲያናት አስተዳደር ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩት እነዚያ ትምህርት ቤቶች ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑዊትና ሜቲስ ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች ከ150,000 በላይ ልጆችን ከቤተሰባቸው ነጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1920 ነባር ሕዝቦችን የሚመለከተው ኢንዲያን አክት የተባለው ሕግ ሲሻሻል ልጄን አልሰጥም ማለት የሚያስቀጣ ሆነ። በእናታቸው ቋንቋ በመናገራቸው የተገረፉት ብዙ ናቸው። የመንግሥቱ የራሱ ሐኪም ፒተር ብራይስ በ1907 ሕፃናቱ በሳንባ ነቀርሳ እየረገፉ መሆኑን በሪፖርት ቢያሳውቁም የሚገባውን ያህል ሰሚ አላገኙም። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ስለሆነ ከልጆቻችን ጎን የሚቀመጡት ተማሪዎች አያቶች፣ አንዳንዴም ወላጆች፣ ከዚያ የወጡ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ፊደል ለማስቆጠር በብርድ የምንመላለስ እኛ፣ ቋንቋን ከልጅ አፍ በዱላ መንጠቅ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያሻንም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክም አይደለም። በሰሜናዊ ኦንታሪዮ በመንደራቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለ ለመማር ወደ ተንደር ቤይ ከተማ ከሄዱ የነባር ሕዝብ ወጣቶች ሰባቱ ከ2000 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት ሞተዋል፤ አሟሟታቸውን በመረመረው ችሎት ላይ ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪ) በ2016 ያቀረቧቸው ምክረ ሐሳቦች 145 ናቸው። በእኛው ሰፈርም አንዲት የልጄ ጓደኛ የሆነች የነባር ሕዝብ ልጅ በክፍል ጓደኞቿ «የሰካራም ዘር» ተብላ ተሰድባለች። ከተሳዳቢዎቹ አንዱ የእኛ ልጅ ነበር። ያን ቃል ከትምህርት ቤት አላመጣውም፤ በእራት ሰዓት ከእኛ፣ ከትልልቆቹ፣ የሰማው ነው። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

ትምህርትን ከቅኝ አገዛዝ አስተሳሰብ ማላቀቅ ሲባል ሒሳብ ይቀነስ ማለት አይደለም። የምድሪቱን ታሪክ መርከበኞች ከደረሱበት ቀን አለመጀመር፣ መሬቱ በምን ውል እንደተያዘ መናገር፣ የነባር ሕዝቦቹን ቋንቋዎች ክሪንና ኦጂብዌን እንደ ማንኛውም ቋንቋ በክፍል ማስተማር፣ መምህሩም የነባር ሕዝብ ተማሪ ሲያረፍድ ወይም ዝም ሲል «ከእነርሱ ምን ይጠበቃል» ብሎ እንዳያልፈው ማድረግ ነው። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ከ2023–24 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪዎች ስለ ነባር ሕዝቦች የሚያተኩር ትምህርት ሳይወስዱ ከሁለተኛ ደረጃ እንዳይመረቁ ደንግጋለች፤ የእኛዋ ክፍለ ሀገር ማኒቶባም እንዲሁ ብታደርግ እደግፋለሁ።

እኛንስ ይመለከተናል? በማኒቶባው ዳኛ በመሬይ ሲንክሌር የተመራውና የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን በደል የመረመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተጻፉት ስለ አዲስ መጤዎች ነው። በዚያው መሠረት የዜግነት መሐላው በ2021 ተሻሽሎ የነባር ሕዝቦችን የውል መብት የሚጠቅስ ሐረግ ገብቶበታል። እጃችንን አንሥተን ያን ቃል የማልን ሰዎች «የእነርሱ ጉዳይ ነው» ማለት አንችልም።

የተከበሩ አዘጋጅ፣ በየዓመቱ መስከረም 20 ገደማ፣ በእነርሱ ሴፕቴምበር 30፣ በአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ የተጎዱትን ልጆች ለማሰብ ልጆቻችን ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሰው ይሄዳሉ። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶችና አባቶች ምክንያቱን ከልጆቻቸው ጋር መነጋገር እንዲችሉ ጋዜጣዎ ከዚያ ቀን በፊት የቲሸርቱን ታሪክና ስለ መጤዎች የተጻፉትን ሁለት ጥሪዎች በአማርኛ እንዲያትምልን እጠይቃለሁ። በትርጉሙ ሥራ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ተማሪዎች እናት፣ ዊኒፔግ