በየትኛው እግሯ ነው የቆመችው?

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? በኮምፒውተር ሠርተሽ የላክሽልኝን የቤተ መጻሕፍት ምስል ደጋግሜ አየሁት። ኮንክሪቱም መስታወቱም ወለሉ ላይ የተኛው ብርሃንም እንከን አይወጣላቸውም። ደረጃው አጠገብ ያቆምሻት ሴትዮ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ብርሃኑ የሚገባው በግራ መስኮት ነው፤ የእሷ የሚያበራው ግን በምስሉ ቀኝ በኩል ያለው ጉንጯ። ከጫማዋ ሥር ጥላ ስለሌለ ወለሉን አልረገጠችም። ከሌላ ፎቶ ተቆርጣ መምጣቷ ያስታውቃል።

እንዳትቀየሚኝ። «ኮምፒውተር የሠራው ሥዕል አይባልም» ብዬሽ የተኳረፍንበትን ጊዜ አልረሳሁትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1525 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሉት የሚባል ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ሲስሉ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ግድግዳው ላይ ምስማር ተመትቷል፤ ከዚያ የሚነሣ ክር መሃል በቆመ ፍሬም አልፎ መሣሪያውን ይነካል። ክሩ ፍሬሙን ያቋረጠበትን ቦታ እየመዘገቡ ሥዕሉን በነጥብ በነጥብ ያወጡታል። ምስማሩ የዓይን ምትክ ነው። የኮምፒውተር ተመራማሪው አርተር አፔል እ.ኤ.አ. በ1968 ለኮምፒውተር ሥዕል ያወጣው፣ ሌላው ተመራማሪ ተርነር ዊትድም እ.ኤ.አ. በ1980 ነጸብራቅን የጨመረበት ዘዴ ይኸው ክር ነው፤ ከዓይን ተነሥቶ በፒክስሉ፣ ማለትም በምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ በኩል ዕቃው ላይ ያርፋል። ሬንደርሽ፣ ምስሉን አስልቶ የሚያወጣልሽ ፕሮግራም፣ ሌሊቱን ሙሉ ክር ሲወጥር ያድራል ማለት ነው።

የሆላንዱ ሠዓሊ ፒተር ሳንሬዳም አብያተ ክርስቲያናትን ሲስል በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳንቺው ነበር የሚሠራው፤ ቦታው ድረስ ሄዶ ይለካል፣ ንድፍ ያወጣል፣ ቀለሙን አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ይቀባል። ከዓምዶቹ ሥር የሚታዩት ትንንሽ ሰዎች ባይኖሩ የዓምዱን ቁመት በምን እንገምት ነበር? ሰው በሕንፃ ሥዕል ውስጥ ሜትር ነው። አንቺም ሴትዮዋን ያስገባሻት ለዚህ ይመስለኛል፤ ግን እሷ ስትንሳፈፍ ያ ሁሉ ኮንክሪት አብሯት ቀለለ።

ሰው በአንድ እግሩ ሲያርፍ በዚያ በኩል ዳሌው ከፍ፣ ትከሻው ዝቅ ይላል። ከጉሮሮው ጎድጓዳ ቱምቢ ብትለቂ ክብደቱን ወደተሸከመው ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። (ይህን በልጅነትሽ አቁሜሽ ስስልሽ ነግሬሻለሁ፤ አንቺ ግን እግርሽን ትቀያይሪ ነበር።) ተቆርጦ የመጣ ፎቶ የራሱን ወለል ይዞ ነው የሚመጣ፤ ያንቺን አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሰው መስኮት አጠገብ አቁመሽ፣ ለሃያ ደቂቃ በእርሳስ ሳዪው። ፎቶ የምትመርጪው ከዚያ በኋላ ይሁን።

አስተካክለሽ ስትልኪልኝ በየትኛው እግሯ እንደቆመች ሳልጠይቅሽ ልወቅ።

አባትሽ