ቁልፉን ለሽምደዳ አታውሉት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሕክምና ተማሪዎች ክፍል ስለሚገባው፣ ተማሪው ቁልፍ ተጭኖ መልሱን ስለሚመርጥበት የድምፅ መስጫ መሣሪያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። የውስጥ ደዌ መምህር ነኝ፤ መሣሪያውን እወደዋለሁ፣ አጠቃቀሙ ግን ያበሳጨኛል።

ብዙ መምህር «የዚህ መድኃኒት መጠን ስንት ነው?» ብሎ አራት ምርጫ ይደረድራል። ለዚህማ ወረቀት ይበቃ ነበር። የሐኪም አመዛዘን የሚፈተነው መረጃው ተቆራርጦ ሲመጣ ነው። እኔ የ58 ዓመት ሰው ድንገተኛ የደረት ሕመም ይዞት መጣ ብዬ አስመርጣለሁ፤ አብዛኛው ተማሪ የልብ ደም ሥር መዘጋት ነው ይላል። ከዚያ ሕመሙ እንደሚቀድ ሆኖ ወደ ጀርባ እንደሚዘልቅ፣ የሁለቱ ክንዶች የደም ግፊትም እንደሚለያይ እጨምርና እንደገና አስመርጣለሁ። ስንቱ ከመጀመሪያ መልሱ ንቅንቅ እንደማይል ብታዩ! እነዚህ ምልክቶች እንደሚጠቁሙት የተሰነጠቀው የአኦርታ፣ ማለትም ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር፣ ግድግዳ ከሆነ ግን ለልብ ደም ሥር መዘጋት የሚሰጠውን የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት መስጠት በሽተኛውን ሊገድለው ይችላል።

ውጤቱ በስክሪኑ ሲወጣ መልሱን አልናገርም። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እንዳስለመዱት፣ ተማሪዎቹ ከጎናቸው ካለው ጋር ተከራክረው ዳግም ይመርጣሉ። ስም ስለማይታይ ዓይን አፋሩም ይሳተፋል።

በዚህ ምርጫ ላይ ማርክ የሚይዙ ባልደረቦቼ ቢተዉት ምንኛ በወደድኩ። ማርክ ካለበት ተማሪው ያሰበውን ትቶ ጎበዙ የተጫነውን ይጫናል።

የውስጥ ደዌ ሕክምና መምህር