ደብዳቤ ለልጄ፦ እንግዳ «ቻርጅ» ሲልሽ

ይድረስ ለልጄ፣ ሀዋሳ

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ከተመደብሽ «ቻርጅ» የምትለዋን ቃል በደንብ ልትለያት ይገባል።

እኛ ዘንድ ከስልክ ጋር ተጣብቃ ቀርታለች። ሥሯ ግን ጭነት ነው፤ ጋሪ ከሚለው የላቲን ቃል ተነስታ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ገባች። «ካር» እና «ካርጎ»ም ከዚያው ናቸው። ጋሪ ሲጭኑ፣ ጠመንጃ ሲያጎርሱ፣ ባትሪ ሲሞሉ ቻርጅ ይላሉ። ሰው ላይ ኃላፊነት ሲጥሉ፣ ሒሳብ ሲጠይቁት፣ ሲከሱትም ያችው ናት።

አንቺን የሚመለከትሽ ይበልጡን ሒሳቡ ነው። እንግዳው በልቶ «ቻርጅ ኢት ቱ ማይ ሩም» ካለ በክፍሌ ይመዝገብልኝ ማለቱ ነው። ስሙንና የክፍል ቁጥሩን ከመዝገቡ አመሳክሪ፤ ሒሳቡ ላይ አስፈርሚው። ሳይፈርም ሄዶ በመውጫው ቀን «አልበላሁም» ቢል መልስ የለሽም።

«ሰርቪስ ቻርጅ» የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሆቴላችሁ 10 በመቶ የሚያስከፍል ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይደመራል፤ 15 በመቶው ቫት የሚሰላው በድምሩ ላይ ነው። 1,000 ብር የነበረው 1,100፣ ከዚያ 1,265 ይሆናል። ሁለቱን ደርበሽ 25 በመቶ ብትመቺ 1,250 ይወጣና 15 ብር ይጎድልሻል።

አባባሉ ላይ ተጠንቀቂ። ሰውየው ይቀድማል፣ ብሩ ይከተላል፣ ከዚያ «ፎር»፦ «ዊ ቻርጅ ዩ 200 ብር ፎር ላውንደሪ»። «ዊዝ» ከገባበት ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ «ቻርጅድ ዊዝ ቴፍት» በስርቆት ተከሰሰ ነውና።

የተቆጣ እንግዳ «ሁ ኢዝ ኢን ቻርጅ ሂር?» ሲል የፈረቃ ኃላፊውን ጥሪለት፤ ቻርጀር እንዳታቀብዪው! መሃል ላይ «ዘ» ስትገባ ደግሞ ትርጉሙ ይገለበጣል፦ ሞግዚቷ «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ሕፃኑ ናት፣ ሕፃኑ ግን «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» ሞግዚቷ ነው።

«ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» በነፃ ነው። ካርድ መሙላትን ግን «ቶፕ አፕ» በዪው።

«ዩ ኦቨርቻርጅድ ሚ» ካሉሽ ከልክ በላይ አስከፈላችሁኝ ነው። አትከራከሪ፤ ሒሳቡን ዘርዝረሽ አሳዪ። አስቀድመሽ ግን ቫት የተካተተበት ዋጋ ላይ ዳግም ቫት እንዳልተጨመረ እዪ።

አባትሽ፣ አዳማ