ክረምቱ ሳይገባ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ?

እኛ ደህና ነን፣ ተመስገን። ናቲ ሁለት የፊት ጥርሱ ወልቆ፣ ሲስቅ ቁርጥ አንተን ሆኗል። ትልቋ ዋና ጀምራለች። ውኃ አትፈራም፤ በእኔ አልወጣችም።

የግፊት መድኃኒትህን እየዋጥክ ነው? ብርሃኔ «አዎ ይለኛል» ትላለች። እሱማ ለእኔም ትላለህ።

አሁን የማጸዳው ቢሮ ሃፈንሲቲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ድሮ የሐምቡርግ ወደብ ነበር። ኮንቴይነር ሲመጣ መርከቡ ገዘፈ፣ የድሮው ወደብ ጠበበው፣ ሥራው ወደ ኤልበ ወንዝ ማዶ ሄደ። መጋዘኑ ጦሙን ቀረ። አዲሱ ባቡር ከከተማ ውጭ መቆም ሲጀምር የድሬዳዋው የከዚራ ጣቢያ ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እነዚህ ግን 157 ሄክታሩን መኖሪያ፣ ትምህርት ቤትና ቢሮ አደረጉት። ኮኮዋና ሻይ ይከመርበት የነበረውን የጡብ መጋዘን ግድግዳውን ትተው አናቱ ላይ የሙዚቃ አዳራሽ ጫኑበት። በፈረንጆቹ 2017 ተከፈተ። የሰፈሩ ኪራይ አይቀመስም። እኔም መጥረጊያ ይዤ ነው የምገባው።

ልነግርህ የፈለግኩት ስለ ውኃው ነው። ሰፈሩ ከከተማው የጎርፍ መከላከያ ውጭ ነው። በፈረንጆቹ 1962 ማዕበል መጥቶ ሐምቡርግ ውስጥ ከ300 በላይ ሰው ገድሎባቸዋል። ስለዚህ ቤት ከመሥራታቸው በፊት አፈር ደልድለው መሬቱን ከባሕር ወለል 8 ሜትር ያህል ከፍ አደረጉት። የወንዙን ዳር ብቻ ዝቅ አድርገው ተዉት፤ ውኃው ሲመጣ እሱን ይውሰድ ብለው።

አንተ ግን ደጅህ ያለውን ወንዝ «ደቻቱ ያውቀኛል» ትላለህ።

ደቻቱ ማንንም አያውቅም። በጋውን አሸዋ ነው፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ጋራው ላይ ከዘነበ ግን ሰው ሳያስበው ይመጣል። በእኛ 1998 ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። አንተ ምድር ባቡር ተረኛ ነበርክ። እማዬ ብርሃኔን በነጠላዋ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ እኔን እየገፋች የወጥ ቤቱ ጣሪያ ላይ አወጣችን። ቆርቆሮው መዳፏን ቆርጦት ነበር። ጠዋት መጣህ። ጭቃው ውስጥ ቆመህ መጀመሪያ ያልከው «ግንቡ ቆሟል?» ነው። እሷ ገና አልወረደችም ነበር።

እማዬ አንድም ቀን አላነሳችብህም። እኔ አነሳሁት። ተቆጥቼ አይደለም። ተቆጥቼ ነው እንጂ፣ ምን ልዋሽ። ያስተማረኝ ደመወዝህ ነው፣ እሱንም አልክድም።

መውደቅህን ጎረቤት ነው የነገረኝ። ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ ወድቀህ እስኪነጋ ግቢው ውስጥ ቀረህ። ለምን ደበቅከን? ያን ሌሊት ውኃው ቢመጣስ? አንተን ማን ጣሪያ ላይ ያወጣሃል?

ቤቱን ሽጥ አላልኩም። ቆልፈውና ክረምቱን ብርሃኔ ጋ ክረም። ኮንዶሚኒየሙ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው ያስቸግርሃል፤ ሽንት ቤቱ ግን ቤት ውስጥ ነው። ልጆቿ ይረብሹሃል። ይረብሹህ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባጃጅ ይዛ ትመጣለች። ፍራሽ አታስጭን፣ አዲስ ገዝታለች። የሐኪም ካርድህንና ሬዲዮህን ብቻ ያዝ። እምቢ ካልክም ለእኔ ደውለህ ተቆጣኝ፣ እሷን ተዋት።

ልጅህ