ፎቶ የሌላት ካሴት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታዬ በዛ፤ አውቃለሁ። እናታችን ሲያርፉ ሳልደውል ቀረሁ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ በምን አፌ ልደውል? እንዲሁ ሳፍር ዓመታት ሄዱ። ነፍሳቸውን ይማር። አንተም ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ ቻርሊ ፕራይድ ነው። ሙዚቃ ቤቱ የቀዳልን ካሴት ትዝ ትልሃለች? ሽፋን የላት፣ ፎቶ የላት፣ በእስክሪብቶ «ካንትሪ» ተብሎ ብቻ የተጻፈባት። ቴፑ ሲበላት በቢክ እያጠነጠንን እንመልሳት ነበር። አንተ «ይሄ ሰውዬ ከነፈረሱ ነው የሚዘፍነው» ትል ነበር። ሁለታችንም በሐሳባችን የሣልነው ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ነጭ ከብት ጠባቂ ነው።

ሰውዬው ጥቁር ነው! እኔም ያወቅኩት በሞተ ጊዜ ነው፤ ዲሴምበር 2020። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ።) መኪና ስነዳ በሬዲዮ ሰማሁ። ዳር ይዤ ቆሜ ስልኬ ላይ ፎቶውን አየሁት። ያረፈው እዚሁ ዳላስ ነው፣ በኮሮና፣ በ86 ዓመቱ። ያን ሁሉ ጊዜ እኔና እሱ አንድ ከተማ ውስጥ ኖረናል። ያኔ ልደውልልህ ቁጥርህን አወጣሁና መልሼ ዘጋሁት።

የተወለደው በ1934 ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ስሌጅ በምትባል ትንሽ ቦታ ነው። ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። አባቱ በሰው መሬት ላይ ጥጥ በእኩል የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ልጆቹም ጥጥ ይለቅማሉ። አባትየው ሬዲዮኑን የናሽቪል ከተማ ጣቢያ ላይ ያደርጉና ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለውን የካንትሪ ዝግጅት ቤተሰቡ ይሰማል። ልጁ በ14 ዓመቱ ጊታር ገዛ። አስተማሪ አልነበረውም፤ ከሬዲዮ እየሰማ ጣቱን አለማመደ። እኛ ካሴቷን እያቆምን ግጥም እንደምንጽፈው ማለት ነው።

ሕልሙ ግን ቤዝቦል ነበር። በጥቁሮቹ ሊግ ኳስ ወርዋሪ ሆኖ ተጫውቷል። አንዴ ክለቡ አውቶቡስ መግዣ ሲያጣ እሱንና አንድ ጓደኛውን ለሌላ ክለብ ሸጣቸው፤ በገንዘቡም ያገለገለ አውቶቡስ ገዛ። በኋላ ሞንታና ሄዶ በማዕድን ማቅለጫ ፋብሪካ ሠራ። ለፋብሪካው ቡድን ሲጫወት 10 ዶላር፣ ከጨዋታው በፊት ሲዘፍን ደግሞ ሌላ 10 ዶላር ይከፈለው ነበር።

አሁን የምነግርህን ልብ ብለህ አንብብልኝ። በ1966 አርሲኤ የተባለው ሙዚቃ አሳታሚ የመጀመሪያ ዲስኩን ሲያወጣ ለሬዲዮ ጣቢያዎች የላከው ያለ ፎቶ ነው። ሆን ብለው! ፊቱን ካዩ አያጫውቱትም ብለው ፈሩ። በዚያው ዓመት ዲትሮይት ትልቅ መድረክ ላይ ወጣ። ስሙ ሲጠራ ሕዝቡ በጭብጨባ አዳራሹን አናወጠው። እሱ ብቅ ሲል ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ጸጥ አለ። እስቲ እዚያ ቦታ ራስህን አስበው። እሱ ግን ረጋ ብሎ፣ በፀሐይ ጠቁሮ በማይለቅ ቆዳ የካንትሪ መድረክ ላይ መውጣቱ እንግዳ ነገር መሆኑን ራሱ ነገራቸው። ሳቁ። ከዚያ ዘፈነላቸው፣ ወደዱትም። እኔ ይህን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። ሰው ለመዝፈን መጀመሪያ ስለ ቆዳው ማባበል አለበት?

በ1971 ያ የምትወደው «ኪስ አን ኤንጅል ጉድ ሞርኒን» ወጣ። የካንትሪ ማኅበሩም የዓመቱ ምርጥ አርቲስት አለው። በ1976 ደግሞ ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ሄዶ ዘፈነ። ያኔ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ተጣልተው ከተማዋ በቦምብ ትታመስ ነበር፤ ሌሎች ዘፋኞች ቀርተውባታል። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አንድ አዳራሽ ገብተው ሰሙት። ለመጨረሻ ጊዜ የተሸለመው በኖቬምበር 2020 ነው። መድረክ ላይ ቆሞ ያችኑ «ኪስ አን ኤንጅል»ን ዘፈነ። ከወር በኋላ አረፈ።

ካሴቷ አንተ ጋ ነበር የቀረችው። አለች? የቻርሊን ፎቶ በካሴት ልክ አሳጥቤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ክዳኗ ውስጥ ክተትልኝ። እሑድ እደውልልሃለሁ፤ መጀመሪያ ስለ እናታችን ንገረኝ።

ወንድምህ