ለአንድ ደጋፊም ቦታ ይሰጠው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በስፖርት ገጻችሁ ስለ ደጋፊ የምትጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይ ሲወረወር፣ ወንበር ሲሰበር ወይም ክለብ ሲቀጣ ነው። አልፈርድባችሁም፤ ዜናው እሱ ነው። ተጫዋች ወይም አሠልጣኝ ሲያርፍ ደግሞ ፎቶውን አውጥታችሁ፣ ያገባውን ጎልና ያነሳውን ዋንጫ ቆጥራችሁ በክብር ትሸኙታላችሁ። ዕድሜ ልኩን ትኬት እየቆረጠ የገባ፣ አንድም ቀን ሰው ያልሰደበ፣ ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሲሞት ግን የሚጽፍለት የለም። እንግዲያው እኔ ልጻፍለት ብዬ ነው።

ከረጅም ሕመም በኋላ በቅርቡ ያረፉት ጎረቤቴ እዚህ ሐዋሳ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስማቸውን እንዳላወጣ ባለቤታቸው አደራ ብለውኛል። እሳቸውም በሕይወት ሳሉ ስማቸው በድምፅ ማጉያ ከተጠራ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው ነበሩና አደራውን አከብራለሁ። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው «ጋሼ» እያለ ነው፤ እኔም እንደለመደብኝ ጋሼ እላለሁ።

ሱቃቸው ከታቦር ተራራ ሥር ባለው ሰፈራችን ውስጥ ናት። አንድ ሲንጀር፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ አንድ ሬዲዮ፣ ግድግዳው ላይ የ1996ቱ የሐዋሳ ቡድን ፎቶ። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ጀምሮ ዋንጫው ከአዲስ አበባ ክለቦች እጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ መጀመሪያ ያወጣው የኛ ክለብ ነው፤ በ1999ም ደግሞታል። በ1996 ዋንጫው የመጣ ሳምንት ጋሼ ሱቅ ዚፕ ለማስቀየር የሄደ ሰው ሁሉ በነፃ ተቀይሮለታል። ወሬው ተሰምቶ ደህና ዚፑን ነቅሎ የመጣ እንደነበረም ይወራል።

የሬዲዮ ሰው ነበሩ። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሴካፋ፣ ማለትም በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ ፍጻሜ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስናሸንፍ ገና ስፌት ለማጅ ነበሩ። የደምሴ ዳምጤን ድምፅ እየሰሙ የደንበኛ ሱሪ ሲቆርጡ አንዱን እግር ከጉልበት በላይ አስቀሩት። ባለቤቱ ተቆጥቶ ሊመጣ ሲል ዋንጫው የእኛ መሆኑን ሰማና «በቃ ቁምጣ ይሁንልኝ» ብሎ ሄደ። እንዲህ ነበር የሚያወሩት። እውነት ይሁን ጨዋታ ማሳመሪያ እስከ ዛሬ አልለየሁም፤ በተረኩት ቁጥር ሱሪው ትንሽ ትንሽ ሲያጥር ግን ታዝቤያለሁ።

ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ሦስቱም ሴቶች ናቸው። «እንዲህ ኳስ የሚወድ ሰው ወንድ ልጅ ሳይሰጠው» እያሉ ከንፈር የሚመጡላቸው ነበሩ። እሳቸው ግን ሴቶቹን አስከትለው ስታዲየም ይገባሉ። ዛሬ ተራ ነገር ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ግን ፀሐይ በሚመታው ወገን፣ ያ ሁሉ ወንድ መሀል፣ ሁለት ሴት ልጆች ጎንና ጎን፣ ትንሿ ትከሻ ላይ ሆና ማየት አንገት ያስዞር ነበር። በዚያ ወገን የነበረውን አፍ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንዱ «ዳኛው ሌባ!» ብሎ ጀምሮ ወደ ዳኛው እናት ሊሻገር ሲል ጋሼ ዞር ይሉና ባለቤታቸው እትዬ ቆልተው ከሰጧቸው ፌስታል ውስጥ ቆሎ ዘግነው ይዘረጉለታል። «እንካ ልጄ፣ አፍህን ሥራ አስይዘው።» እየሳቁ ነው የሚሉት። ሰውየው ቆሎውን ይቀበላል፣ ልጆቹን ያያል፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ አላየኋቸውም» ይላል።

አንድ ጊዜ ግን እልኸኛ ገጠማቸው። ቆሎውን አልቀበልም አለ። «ሌባ እኮ ነው!» አላቸው። «ሌባ ከሆነ ክሰሰዋ፤ እናቱ ምን አደረገችህ?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እልኸኛውም ሳቀና እጁን ዘረጋ። እየቆየ በዚያ አካባቢ ጋሼ መዞርም አላስፈለጋቸውም፤ አዲስ የመጣ ሰው አፉን ሲከፍት «ልጆች አሉ!» የሚለው ሌላ ሰው ሆነ። ስለ ስታዲየም ሥርዓት ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፣ ብዙ መመሪያም ሲነበብ ሰምቻለሁ። ያንን ፌስታል ያህል የሠራ አላየሁም።

ትንሿ ልጃቸው ስታድግ የሲዳማ ቡና ደጋፊ ሆና አረፈችው። ሁለቱ የከተማችን ክለቦች ሲገናኙ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ጋሼ መሀል ይቀመጣሉ። ለዚያ ቀን የሰፉላት አንገት ልብስ የሲዳማ ቡናን ቀለም የያዘ ነው። ለራሳቸው ክለብ የሰፉት እንኳ እንደሱ አላማረም ብለው ትልልቆቹ ዛሬም ያኮርፋሉ።

የሰፈሩን የልጆች ቡድን ያቋቋሙትም እሳቸው ናቸው። አሠልጣኝ አልነበሩም፤ ስለ አሰላለፍ ከተጠየቁ «እሱን ለእናንተ ትቻለሁ» ነው መልሳቸው። እሳቸው የሚያውቁት ማልያ ነው። ቁጥሩን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ቆርጠው ጀርባችን ላይ ይሰፉ ነበር፤ እኔ አራት ቁጥር ነበርኩ፣ ከአንድ የሽማግሌ ካፖርት ገበር የተቆረጠ። የጎሉ መረብ ደግሞ አሞራ ገደል ካሉ አሣ አጥማጆች የተለመነ ያረጀ መረብ ነው። ጋሼ ቀዳዳውን ጠቅመው ቢሰቅሉትም የአሣው ሽታ አልለቀቀም፤ በረኛ የሚሆን ልጅ ሁልጊዜ በዕጣ ነበር የሚገኘው። ሜዳው ዛሬ ግማሹ ታጥሯል፤ ስለሱ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስን ዕለት ያ ሁሉ ልጅ ሱቃቸው በር ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ጎል ያገባው የሐዋሳው ልጅ አዳነ ግርማ ነው። በጥር ደግሞ ዛምቢያ ላይ፣ በረኛችን በቀይ ወጥቶ በአሥር ሰው እየተጫወትን፣ አቻ ያደረገንም እሱ። ጋሼ ሲንጀሩ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ከዚያ ቀና ብለው «መረቡ የሚሸተው ልጅ ሁሉ አንድ ቀን...» ብለው ጀመሩና ሳግ ያዛቸው፤ አልጨረሱትም።

ስለ ቤታቸው ልንገራችሁ። እትዬ ገበያ ውለው ማታ ነው የሚገቡት፤ በርበሬና ቅመም ይነግዳሉ። ሽሮውን የሚጥዱት ጋሼ ነበሩ፣ አንዳንዴም የስፌት ቀለበቱ ጣታቸው ላይ እንዳለ። የልጆቹን ዩኒፎርም ሰፍተው፣ አጥበው፣ ተኩሰው ያለብሳሉ። ስታዲየም ሊገቡ ሲሉ እትዬን «ልሂድ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱ አንድም ቀን «አይ» ሆኖ አያውቅም፤ መጠየቁ ግን አልቀረም። እትዬ እስከ ዛሬ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ማወቅም አይፈልጉም።

ሕመሙ የጀመረው በእግር እብጠት ነው። «ከመቀመጥ ብዛት ነው» ተባለ። ራስ ምታቱም «ከመነጽሩ ነው» ተባለ። ለካስ ደም ግፊት ነበር፤ ለዓመታት ምልክቱን ሳያሳይ ኩላሊታቸውን ሲጎዳ የቆየ። ሲደረስበት ከእጥበት ሌላ የሚያዋጣ አልነበረም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ጨዋታ ከነዕረፍቱ አልፎ። መጀመሪያ ሰሞን ለዚሁ ሲሉ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ይመላለሱ ነበር፤ በኋላ እዚሁ ከተማችን ማግኘት ተቻለ።

ግራ ክንዳቸው ላይ ደም ቅዳውና ደም መልሱ በቀዶ ሕክምና ተገናኝቶ ፊስቱላ ተሠራላቸው። ቦታውን በጣት ሲነኩት ውስጥ ለውስጥ ይነዝራል። የሰፈር ልጆች ይህን ካወቁ በኋላ ሱቃቸው በር ላይ ይሰለፉ ነበር። «ጋሼ፣ ሞተሩን!» እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ያቀርባሉ፤ ልጁ በአንድ ጣት ነክቶ ዓይኑ ይፈጣል። በዚያ ክንድ ዕቃ ማንሳት፣ ተንተርሶ መተኛት፣ ግፊት መለካት ክልክል ነው። ሕፃናቱ ይህን እንደ ጸሎት ሸምድደውት ነበርና ገና ፌስታል በግራ እጃቸው ሲይዙ ካዩ «ጋሼ፣ በቀኝ!» ብለው ይጮሃሉ።

ከሁሉ የከበዳቸው ጥማቱ ነው። ኩላሊት ካልሠራ የጠጡት ውሃ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሳንባ ላይ ደርሶ ትንፋሽ ያሳጥራል። ለቀን የተፈቀደላቸው በአንድ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይለካ ነበር። ጋሼ ሃይላንዱ ወገብ ላይ ቀይ ክር አሰሩበት፤ ከክሩ በላይ የመጀመሪያው አጋማሽ፣ ከክሩ በታች ሁለተኛው አጋማሽ። ሻይ ከጠጡ ያንኑ ያህል ከሃይላንዱ ይደፋሉ፤ አንድ ስኒ ቡናም ሒሳብ አለው። የሐዋሳ ፀሐይ ስምንት ሰዓት ላይ ሲከር፣ «ጭማሪ ደቂቃ አይሰጠኝም?» ይሏቸዋል እትዬን። እትዬ የሎሚ ስንጥቅ ያቀብሏቸዋል፤ እሱን እየመጠጡ ስፌታቸውን ይቀጥላሉ። ሙዝና አቮካዶ እንዲህ በሚረክስበት አገር ሙዝና አቮካዶ በፖታሺየሙ ምክንያት ተከለከሉ። በዚህ ብቻ ነው ሲያማርሩ የሰማኋቸው።

ሊጉ በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ስታዲየም መግባት አቅቷቸው ነበርና ተደሰቱ። ለነገሩ እጥበት ክፍሉም ስታዲየም ሆኖላቸዋል፤ አንዱ የጊዮርጊስ፣ አንዱ የቡና፣ ሌላው የወላይታ ድቻ ደጋፊ ነው። ያዩትን ጨዋታ ማሽኑ ላይ ሆነው እየተረኩ ነርሶቹን ጭምር ያከራክሩ ነበር። አንድ ሰሞን ገንዘብ አጠረና ሲንጀሩ ሊሸጥ ገበያ ወጣ። እድሩ ሳይሰበሰብ፣ የኛ ክለብ ደጋፊዎችም ሳይሰሙ፣ መጀመሪያ ፖስታ ይዘው የመጡት የሲዳማ ቡና ደጋፊዎች ናቸው፤ ትንሿ ነግራቸው ኖሯል። እኛ አፍረን ተከተልን። ለእሳቸው እንዲህ ደረሰላቸው። ለእጥበት ገንዘብ በየመንገዱ በድምፅ ማጉያ የሚለመንለት ስንት አለ።

በአንድ ነገር ግን አልተስማማንም። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ኩላሊት መትከል ጀምሯል፤ የሚለግሰው ግን በጊዜው የቅርብ ዘመድ መሆን ነበረበት። ትልቋ ልጃቸው እኔ እሰጣለሁ አለች። ጋሼ እምቢ አሉ። «ገና ትወልጃለሽ» አሏት፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው እንዳይነሳ ከለከሉ። እኔ ተሟገትኳቸው፤ ሐኪሞች ጤናዋ ተመርምሮ ካልተረጋገጠ እንደማይነኳት፣ በአንድ ኩላሊት ደህና ኖረው የወለዱ ሴቶች እንዳሉ ነገርኳቸው። ፈገግ ብለው ቆሎ ዘረጉልኝ። አፌን ሥራ ማስያዛቸው ነበር። ዛሬም ቢሆን የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ ልጅቷም እንደዚያው ነው የምታምነው። ደግ ሰው ለራሱ ደግ ላይሆን ይችላል።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የሁለቱም ክለብ ደጋፊዎች ተደባልቀው ተቀምጠው ነበር። በሰልስቱ ማግስት አንዱ የኦፍሳይድ ጉዳይ አንስቶ ክርክሩ ጦፈ፤ አንድ ሽማግሌ ሊገሥጿቸው ሲነሱ እትዬ «ተዉአቸው፣ ይጫወቱ፤ እሱም ቢኖር መሀላቸው ነበር» አሉ።

ይህን ካወጣችሁልኝ አንድ ማስታወቂያም አብራችሁ ብታወጡልኝ። አርባቸው ከወጣ በኋላ ባለው እሑድ የሰፈሩ ልጆች በቀረችው ግማሽ ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። መካከለኛዋ ልጃቸው ከሥራ መልስ ሱቁን እየከፈተች ቁጥር እየሰፋች ነው፤ ማልያው ይደርሳል። የቸገረው ጫማ ነው። ልጆቻቸው ያደጉባቸው ወላጆች የጠበበ የኳስ ጫማ ካላቸው ከታቦር ሥር ባለው ሱቅ ያድርሱልን። ከ36 እስከ 38 ቁጥር በጣም ይፈለጋል።

ከአክብሮት ጋር
የጋሼ ጎረቤት፣ ከሐዋሳ