ጫማውን አድርጎ ለሚተኛው ልጅ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ ውርጩ ቀድሞ ገብቷል። እናትሽ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ ገብስ እየቆላች ነው፤ እኔም እዚያው ምድጃው ዳር ሆኜ ነው የምጽፍልሽ።

እሑድ በስልክ የነገርሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ልጅሽ ማሙሽ ጫማውን አድርጎ ነው የሚተኛው አልሽ። ምነው ስትይው፣ የኖኅ መርከብ በሩ ሲዘጋ ሮጬ እንድደርስ አለሽ። አንቺ እየሳቅሽ ነበር። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። የሰባት ዓመት ልጅ የጫማውን ክር አስሮ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገባ ታየኝ።

ልጄ፣ ልጁን አታስፈራሪው።

ቤት ውስጥ ማስተማርሽን አልቃወምም። እናትሽ መጀመሪያ "ምን የሚሉት ነው፣ ልጅ ከቤት ውሎ ይማራል እንዴ!" ብላ ተቆጥታ ነበር። እዚያ አገር ሕጉ እንደሚፈቅድ፣ ልጁም ክፍል ውስጥ ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን ይዞ እንደሚያለቅስ ስትነግሪያት ተወችው። አሁንማ ለጎረቤቱ ሁሉ የምታስረዳው እሷ ሆናለች።

የላክሽልኝን የሦስቱን የመጽሐፍ ቅዱስ ማስተማሪያዎች ፎቶ አየሁት። ቴሌግራሙን ከፍታ እንግሊዝኛውን የተረጎመችልኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አንደኛው ታሪኩ ባለቀ ቁጥር ልጁን ይመረምረዋል። "አንተስ ያልታዘዝክበት ቀን የለም? እግዚአብሔር ያን ቀን ምን ተሰማው?" ይላል። መጨረሻው ላይ የኮከብ ሠንጠረዥ አለው፤ ልጁ ሲያጠፋ ኮከቡ ይነሣበታል። ይህን መልሽው። ዛሬውኑ መልሽው። ለደፋር ልጅ ይሆን ይሆናል። ማሙሽ ግን ማንም ሳይቆጣው ራሱን የሚቆጣ ልጅ ነው። ባለፈው ስትመጡ ስኒ የሰበረችው እናትሽ፣ ይቅርታ የጠየቀው እሱ! ረሳሽው?

ሁለተኛው ሥዕሉ ያምራል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ሦስተኛው ታሪኩን አጠር አድርጎ ይናገርና "የቱ ደስ አለህ? ምኑ ገረመህ?" ብሎ ያቆማል። መልሱን አያርምም። እሱን ያዢ። ስለ ጾሙና ስለ ቅዱሳኑ የጎደለውን አንቺ ትሞያለሽ፤ የከበደሽን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

ይህን ስልሽ ዐውቃለሁ ብዬ አይደለም። ታላቅሽን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። 1978 ዓ.ም. ክረምት ነው፣ መንዝ ሳለን፤ አንቺ አልተወለድሽም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እኔ የኔታ ልሁን አልሁ። ጎበዝ ነበር። ፊደሉን ቶሎ ለየ፣ አቡጊዳውን ጨረሰ። ከዚያ እንደ ደንቡ መልእክተ ዮሐንስ ገባን። እሱ በስንደዶ ቃሉን እየነካ ያነባል፣ እኔ ልምጭ ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አንዲት ፊደል ሲስት ጣቱ ላይ። እኔም የተማርሁት እንዲሁ ነው፤ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ምዕራፍ አራት ላይ ደረስን። "ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል" የሚለው ጋ። እዚያ ላይ ተንተባተበ። መታሁት። ስንደዶው ተሰበረና ግማሹ ገጹ ላይ ቀረ። ልጁ አላለቀሰም። ሱሪው ግን ረጠበ። ንባቡ ግዕዝ ነው፤ እሱ ምን እያለ እንደሆነ አያውቅም። እኔ ዐውቅ ነበር።

እናትሽ ልምጩን ከእጄ ነጥቃ እሳት ውስጥ ከተተችው። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። እሷ ልምጭ የሚል ቃል ባነሣች ቁጥር ለምን ተነሥቼ እንደምወጣ አሁን ገባሽ?

ታላቅሽ መዝሙረ ዳዊት ንባብ ሳይገባ ቀረ። ዛሬ መኪናውን እየነዳ ቤቱን ያስተዳድራል፣ ምን ጎደለው። ቤተ ክርስቲያን ግን ከደጅ ተሳልሞ ነው የሚመለሰው። አምና ለጥምቀት ሲመጣ ልነግረው አስቤ ነበር። ተቀመጥን፣ ቡና ጠጣን፣ ስለ ጎማ ዋጋ አወራን፣ ሄደ።

እናም አታስፈራሪው። ስሞትልሽ።

አሁን የምልሽን ያዢ። ከመኝታ በፊት አታንብቢለት። ጠዋት፣ ቁርሱን ከበላ በኋላ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ወለል ላይ ተኝቶ ይሣል፤ አይሰማም ብለሽ አትቆጪ፣ ይሰማል። የሰማኸውን ድገም እያልሽ አታፋጥጪው፤ ሲፈልግ ራሱ ለመጫወቻው ይነግረዋል። ኖኅን፣ ይስሐቅንና የግብፅን በኩር ለጊዜው ዝለያቸው። መዝለል ክህደት አይደለም። ከጠየቀሽ ግን አትዋሺው። "ውጭ የቀሩት ልጆችስ?" ካለሽ "እኔንም ያሳዝነኛል" በዪውና እቀፊው።

ከኤልያስ ጀምሪ፣ 1ኛ ነገሥት 19። እሳት ያወረደበትን አላልሁሽም፣ እሱ 18 ላይ ነው። ቀጥሎ ያለውን። ነቢዩ ፈርቶ ሸሽቶ፣ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልተቆጣውም። ነካ አደረገውና "ተነሥተህ ብላ" አለው። ራስጌው እንጎቻና ውኃ ነበር። በላና ተመልሶ ተኛ! ሁለተኛም መጥቶ ብላ አለው። ማሙሽ እንጎቻ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ እናትሽ ከሊጡ መጨረሻ ስትጋግርለት ምጣዱ ሥር ነበር የሚጠብቃት።

ከዚያ ዮናስ። አራት ምዕራፍ ናት። የልጆች መጻሕፍት ዓሣው ሆድ ላይ ያቆማሉ፤ አንቺ እስከ መጨረሻው አንብቢ። እግዚአብሔር ቀኝና ግራቸውን ለማይለዩ ከ120 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች ሲያዝን ከብቶቹንም ይቆጥራል፤ መጽሐፉ የሚያልቀው በእንስሳቱ ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዋ ልጇን አዝላ ስትዘል አይቶ "ይወድቅባታል" ብሎ ያለቀሰ ልጅ ይህቺን ይወዳታል።

መዝሙር ከፈለግሽ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለውን። በግዕዙ ዳዊት 22ኛው ነው፣ የእንግሊዝኛው መጽሐፍሽ 23 ይለዋል፤ ቁጥሩ ተለየ ብለሽ እንዳትደናገሪ።

ጫማውን ደግሞ በግድ አታስወልቂው። እንቅልፍ ሲወስደው ክሩን ብቻ ላላ አድርጊለት።

ከሚመጣው ሰው ጋር በሶና ጭኮ ልከናል። ጭኮው ሁለት ነው። በርበሬ ያለው የአንቺ፣ በቀይ ክር የታሰረው የማሙሽ። እንዳታሳስቺው፤ እናትሽ ለብቻ ነው የሠራችለት።

አባትሽ